የጭቃ ቤት አውሮፓዊ ዘመድ፦ የሠላሳ ዓመቱን ጦርነት የመንደር ቤት በትንሹ ሠርቶ መቀባት

በጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች የጦር ሜዳ ጨዋታ የሚጫወት ሰው መጀመሪያ ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያፈሰው ወታደሮቹ ላይ ነው። አይፈረድበትም። ግን 70 ያማሩ ወታደሮች በባዶ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሲሰለፉ ጦርነቱ የት ሀገር እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። አንድ የገበሬ ቤት መሀል ላይ ሲቀመጥ ወዲያው መንደር ይሆናል። መንገዱ፣ አጥሩ፣ ከብቱን ነድቶ የሸሸው ባለቤት ሁሉ ይታሰባል።

ዛሬ የምንሠራው እንዲህ ያለውን ቤት ነው። ቦታው ጀርመን፣ ቱሪንጊያ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1632፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት (1618–1648) የተፋፋመበት። በዚያ ዓመት መጸው ላይ የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ጦሩን ይዞ በኤርፈርት በኩል ወደ ሉትሰን ዘለቀ። ኖቬምበር 16 ቀን እዚያው በውጊያ ላይ ሞተ። በእኛ ሀገር ያው ዓመት አፄ ሱስንዮስ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁበት ነው። እዚያም እዚህም ከጦርነቱ ጀርባ የሃይማኖት ጠብ ነበር።

ቱሪንጊያን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ግዕዝና አማርኛን ካጠናው ጀርመናዊ ምሁር ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ሊሠሩ ጎታ የገቡት በ1652 ነው። ጎታ እዚያው ቱሪንጊያ ውስጥ ናት። ጦርነቱ ካበቃ ገና 4 ዓመቱ ነበር። እንጨቱን እየቆረጥኩ ብዙ ጊዜ እሳቸውን አስባለሁ። በመንገዳቸው ያዩት የገበሬ ቤት ብዙም እንግዳ የሆነባቸው አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ቤቱን ስናውቀው ይገባናል።

ከቀለም በፊት ቤቱን እወቁት

ጀርመኖች ፋኽቬርክ የሚሉት ቤት አጥንቱ እንጨት፣ ሥጋው ጭቃ ነው። ጠርብ እንጨት ይቆማል፣ አግዳሚ ይጋጠምበታል፣ ሰያፍ ይደገፍበታል። በእንጨቶቹ መሀል ባለው ክፍተት ቋሚ ፍልጦች ይገባሉ። በፍልጦቹ ላይ ቀጭን ቅርንጫፍ እንደ ቅርጫት ይጎነጎናል። ከዚያ ጭድ የገባበት የተቦካ ጭቃ ከውስጥም ከውጭም ይመረጋል። ሲደርቅ ይለሰናል፣ ኖራ ይቀባል። ቋሚ፣ ማገር፣ ጭድ፣ ምርጊት፣ ልስን፦ የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ቃሉን ሁሉ ያውቀዋል።

ልዩነቱ ሁለት ነው። የእኛ ጭቃ እንጨቱን ይሸፍነዋል፤ የእነሱ እንጨቱን ከፊት ትቶ መሀሉን ብቻ ይሞላል። ሁለተኛ፣ የእነሱ እንጨት በልጥ አልታሰረም፣ በሚስማርም አልተመታም። አናጺው የአንዱን ጫፍ አቅጥኖ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይሰካዋል፣ ከዚያ በእንጨት ችንካር ያጠብቀዋል። ፍሬሙ በሙሉ መሬት ላይ ተለክቶ፣ እንጨቱ ሁሉ ምልክት ተበጅቶለት፣ በኋላ ነው የሚቆመው።

ይህን ማወቅ ሥራችሁን ይለውጠዋል። ብዙ ሞዴል ላይ የማየው ጥፋት እንጨቱ እንደ ጌጥ መለጠፉ ነው። በመስኮት መሀል የሚያልፍ ቋሚ አለ። ከምንም ሳይነሳ አየር ላይ የቀረ ሰያፍ አለ። የሚያየው ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑን ይከነክነዋል። ስለዚህ ቤቱን አናጺው በሠራበት ቅደም ተከተል ሥሩት፣ ዝናቡ ባስረጀው ቅደም ተከተል ቀቡት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

እውነተኛውን ማየት የምትችሉ እዩት። ከኤርፈርት ብዙ ሳይርቅ ሆሄንፌልደን የሚባል፣ የድሮ የገጠር ቤቶች ተነቅለው መጥተው የተተከሉበት ሙዚየም አለ። ፍራንክፈርት አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ታውኑስ ውስጥ ያለው ሄሰንፓርክ ይቀርባችኋል። ስትሄዱ ሙሉውን ቤት ብቻ አታንሱ። የእንጨቱን መጋጠሚያና የግድግዳውን ግርጌ ቀረብ ብላችሁ አንሱ። ቀለም ስትቀቡ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ልኬት

እዚህ የምጠቀመው 28 ሚሊሜትር ለሚባሉት ወታደሮች የሚሆነውን ልክ ነው። በግምት 1 ለ56 ማለት ነው። አንድ ሜትር ወደ 18 ሚሊሜትር ይሆናል። ለ15 ሚሊሜትር ወታደሮች 1 ለ100 ውሰዱ፤ ያን ጊዜ አንድ ሜትር 1 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው።

10 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ ቤት በ1 ለ56 ሲሠራ 18 ሴንቲሜትር በ12.5 ሴንቲሜትር ይወጣል። ለአንድ ቤት ብዙ ነው፤ ሦስት ብታስቀምጡ ጠረጴዛው ያልቃል። በጨዋታ ላይ መሬቱ ከወታደሩ ይልቅ በጣም ተጨምቋልና ቤቱንም ትንሽ መጨመቅ ያስፈልጋል። እኔ ወደ 14 በ10 አወርደዋለሁ። ርዝመቱን ቀንሱ እንጂ ቁመቱን አትንኩ። በሩ ካነሰ ወታደሩ ግዙፍ ይመስላል፣ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

የምንቆርጣቸው ልኮች እነዚህ ናቸው፦

- ሁለት የጎን ግድግዳ፦ ርዝመት 13 ሴንቲሜትር፣ ቁመት 5.3 ሴንቲሜትር። ከዚህ ውስጥ 8 ሚሊሜትሩ የድንጋይ መሠረት ነው።
- ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን አናት ግድግዳ፦ ስፋት 10 ሴንቲሜትር፣ ጎኑ 5.3፣ ጫፉ ከመሬት 11.3 ሴንቲሜትር።
- ሁለት የጣራ ገጽ፦ 15 በ8.5 ሴንቲሜትር።
- በር፦ 2 በ3.8 ሴንቲሜትር። መስኮት፦ 1.5 በ1.5 ሴንቲሜትር።

በሩ ከእውነተኛው ትንሽ የረዘመው ወታደሩ የቆመበት ማቆሚያ 3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚጨምርበት ነው። ጣራው ወደ 50 ዲግሪ ያዘነብላል። የሣር ክዳን ከ45 ዲግሪ በታች ከሆነ ውሃ ያሳልፋልና ለጥ ያለ የሣር ጣራ በዚያ ሀገር አይታይም።

ዕቃ

ብዙ አይደለም። 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፎም ቦርድ፣ ስለታማ ከተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ የቡና ማማሰያ እንጨት ወይም ባልሳ፣ ስቴኪኒ፣ ሲባጎ፣ ትንሽ ስቱኮ፣ ደቃቅ አሸዋ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ ያረጀ ፎጣ፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም። አዲስ ዕቃ ልግዛ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ አብዛኛው ቤት ውስጥ አለ። ከተሩ ላይ ግን አትሰስቱ። የደነዘ ምላጭ ፎሙን ይቦጫጭቀዋል፣ እጅም የሚቆረጠው በደነዘ ነው። ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ግድግዳውን ማቆም

በርና መስኮቶቹን ግድግዳው ገና ጠፍጣፋ ሳለ ቁረጡ። ከቆመ በኋላ መቁረጥ መከራ ነው። ፎም ቦርዱን በአንድ ጊዜ ተጭናችሁ አትቁረጡት። መጀመሪያ የላይኛውን ወረቀት፣ ቀጥሎ ፎሙን፣ በመጨረሻ የታችኛውን ወረቀት፤ በሦስት ቀላል ስንዘራ። መስኮቱ ከወለሉ 1.8 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። መስኮት አታብዙ። የገበሬ ቤት ነው፣ ክረምቱም ከባድ ነው። በአንድ ጎን ሁለት፣ በአናቱ ግድግዳ አንድ ወይም ሁለት በቂ ነው።

ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች በሁለቱ አናት ግድግዳዎች መሀል አስገብታችሁ ለጥፉ። እንዲህ ሲሆን ርዝመቱ ከነውፍረቱ 14 ይመጣል። ጥጉ ቀጥ ማለቱን በመጽሐፍ ወይም በሳጥን ጥግ አረጋግጡ። ኮላው እስኪይዝ በመርፌ ቁልፍ ይዛችሁ አሳድሩት።

ለድንጋዩ መሠረት የእንቁላል ካርቶኑን በጣታችሁ ቀዳዱት። በመቀስ አትቁረጡት፤ የተቀደደ ጠርዝ ነው ድንጋይ የሚመስለው። ትልልቁን ከጥጉ ላይ፣ ትንንሹን መሀል ላይ እያደረጋችሁ 8 ሚሊሜትሩን ሙሉ። ድንጋዩ የተቀመጠው እንጨቱ እርጥብ መሬት ነክቶ እንዳይበሰብስ ነው። ስለዚህ ምንም እንጨት ከድንጋዩ በታች እንዳይወርድ።

እንጨቱ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። የቤቱ መልክ የሚወሰነው እዚህ ነው።

የእውነተኛው ጠርብ ስፋት 20 ሴንቲሜትር አካባቢ ቢሆን ለእኛ ወደ 4 ሚሊሜትር ይመጣል። የቡና ማማሰያው ሰፋ ይላልና በቁመቱ ሰንጥቁት። ከመለጠፋችሁ በፊት እያንዳንዱን እንጨት በሽቦ ብሩሽ በቁመቱ ቧጩት፤ ስሩ ወጣ ወጣ ይላል። ጠርዙን በከተር እዚህም እዚያም ላጥ አድርጉት። የተጠረበው በመጥረቢያ እንጂ በማሽን አይደለም።

ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው። መጀመሪያ በድንጋዩ ላይ ዙሪያውን የሚተኛው አግዳሚ። ቀጥሎ የአራቱ ጥግ ቋሚዎች። ከዚያ በበሩና በመስኮቶቹ ግራና ቀኝ የሚቆሙት፤ እያንዳንዱ መስኮት በሁለት ቋሚዎች መሀል መሆን አለበት። ቀጥሎ ከላይ ሁሉንም የሚያስረው አግዳሚ። ከዚያ በመስኮቱ ሥርና አናት የሚያልፉት አጫጭር አግዳሚዎች። በመጨረሻ ሰያፎቹ።

ሰያፍ የሚገባው ንፋስ ቤቱን ወደ ጎን እንዳይገፋው ነው። ስለዚህ ቦታው ጥግ አካባቢ ነው፣ ከታችኛው አግዳሚ ተነስቶ ቋሚው ላይ ያርፋል። በቱሪንጊያ ደቡብና ከእሷ ቀጥሎ ባለችው በፍራንኮኒያ በኩል የሚወደድ አንድ ቅርጽ አለ። አንድ ቋሚ መሀል ላይ ይቆማል። ከሥሩ ሁለት ረጃጅም ሰያፎች እንደ እግር ይከፈታሉ፣ ከላዩ ሁለት አጫጭር እንደ ክንድ ይዘረጋሉ። ቪልደር ማን ይሉታል፣ የዱር ሰው ማለት ነው። አንዱን በአናቱ ግድግዳ ላይ አድርጉት፤ ቤቱ የት ሀገር እንደሆነ እሱ ብቻ ይናገራል።

አንዱ እንጨት ሌላውን በሚነካበት ቦታ ሁሉ በመርፌ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ውጉ። የእንጨት ችንካሮቹ ናቸው። ቀለም ሲገባባቸው ጎልተው ይታያሉ።

ምርጊቱ

ስቱኮውን ከኮላና ከአንድ ቁንጥጫ ደቃቅ አሸዋ ጋር አቡኩት። ውፍረቱ እንደ ቅቤ ይሁን። በትንሽ ቢላዋ ወይም በአይስክሬም እንጨት በየክፍተቱ ሙሉት። ብዙ ሰው ስስ አድርጎ ይቀባና እንጨቱ እንደ ሐዲድ ከግድግዳው ወጥቶ ይቀራል። እውነተኛው እንዲህ አይደለም። ምርጊቱ ከእንጨቱ ፊት እኩል ነው፣ አንዳንዴም መሀሉ እንደ ትራስ ትንሽ ያብጣል። እናንተም እንጨቱ እኩል እስኪሆን ሙሉት። እንጨቱ ላይ የነካውን ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ጥረጉ። ሲደርቅ መሀሉ ቢሰነጠቅ ደስ ይበላችሁ፤ ጭቃ እንደዚያ ነው።

አሁን የምወደው ሥራ ይመጣል። ከክፍተቶቹ አንዱን ሳትሞሉ ተዉት። ቢቻል ወደ መሬት የቀረበውን፣ ዝናብ የሚረጨውን ምረጡ። የፎም ቦርዱን የላይኛውን ወረቀት ላጡና ፎሙን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ቆፍሩት። ከስቴኪኒ ሦስት አጫጭር ቁራጭ አዘጋጁ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ከላይ ወደ ታች እኩል አራርቃችሁ አቁሙና በኮላ ያዙት። ሲደርቅ ሲባጎውን ፍቱና አንዱን ቀጭን ክር ብቻ ውሰዱ። በመርፌ አድርጋችሁ በአንዱ ስቴኪኒ ፊት፣ በቀጣዩ ኋላ፣ በሦስተኛው ፊት አሳልፉ። ስትመለሱ ተቃራኒውን። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዙር ሲሞላ እዚያው ትንሽ ቅርጫት ይወጣላችኋል። ከዚያ ትንሽ ስቱኮ በጣት ጫፍ ወስዳችሁ በላይኛው ግማሽ ላይ ምረጉት። የታችኛው ግማሽ ባዶ ይቅር። ጠርዙ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ይሁን እንጂ ቀጥ አይበል። ከመድረቁ በፊት ከብሩሽ ላይ የተቆረጠ ፀጉር ሦስት አራት ቁራጭ ጠርዙ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። ጭዱ ነው።

ጣት የማይሞላ ቦታ ነው። አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ግን ያየው ሁሉ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነው፣ ሀበሻ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ያውቀዋል። ይህን በአንድ ቤት ላይ አንዴ ብቻ አድርጉ። በየግድግዳው ካደረጋችሁት ቤቱ ሰው የሚኖርበት መሆኑ ይቀራል።

ክዳኑ

በመንደር ውስጥ የሣር ክዳንም የሸክላ ጣራም ነበር። የሸክላውን ከፈለጋችሁ ከቀጭን ካርቶን 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ረጃጅም ስትሪፖች ቁረጡ፣ ታችኛውን ጠርዝ በየ3 ሚሊሜትሩ እየሰነጠቃችሁ ጫፉን አክብቡት፣ ከታች ወደ ላይ እያደራረባችሁ ለጥፉ። ጀርመኖች ይህን ጫፉ ክብ የሆነ ሸክላ የቢቨር ጭራ ይሉታል። ቆንጆ ነው፣ ግን አድካሚ ነው። ለገበሬው ቤት እኔ ሣሩን እመርጣለሁ።

ጣራው መነሳት አለበት። በጨዋታው ላይ ወታደሮች ቤቱ ውስጥ ይገባሉና። ሁለቱን የጣራ ገጽ ከወፍራም ካርቶን ቁረጡና አናታቸውን አጋጥማችሁ ከውስጥ በወረቀት አያይዙ። ግድግዳውን በፌስታል ሸፍኑና ጣራውን በላዩ አስቀምጡ። አሁን ኮላ ቢፈስም አይጣበቅም፣ ቅርጹም ልክ ይወጣል። በውስጥ በኩል ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ካርቶን፣ ልክ ከአናት ግድግዳዎቹ ገባ ብሎ ለጥፉ። ጣራው ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት ይይዙታል።

የሣር ክዳን ወፍራም ነው። 30 ሴንቲሜትር ቢሆን ለእኛ 5 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ በክፈፉ ዙሪያ ከሥር ሁለት ድርብ ካርቶን ጨምሩበት። ከዚያ ፎጣውን በጣራው ልክ፣ ከየጎኑ አንድ ሴንቲሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ። ኮላና ውሃ እኩል በኩል ቀላቅሉ፣ ቡናማ ቀለም ጨምሩበት፣ ፎጣውን ነክራችሁ ጨምቁና አልብሱት። የተረፈውን ወደ ሥር እጠፉት። ግማሽ ያህል ሲደርቅ ባረጀ ማበጠሪያ ከአናት ወደ ታች አበጥሩት። ሁልጊዜ ወደ ታች፤ ውሃ የሚወርደው ወደዚያ ነው። በአናቱ ላይ ሌላ ጠባብ የፎጣ ቁራጭ አጋድሙበት። ሁለት ቀን ካልደረቀ አትንኩት። ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክራል።

ቀለሙ

በቅድሚያ አንድ ማስጠንቀቂያ። የሚረጭ ቀለም በቀጥታ ፎም ላይ አትርጩ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ፎሙን ያቀልጠዋል። የተጋለጠ ፎም ያለበትን ሁሉ መጀመሪያ በብሩሽ፣ ኮላ የገባበት ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ ቀቡት። ያ ይዘጋዋል፣ ያጠነክረዋልም። ሙሉውን ቤት በዚህ ቀለም ሸፍኑት። ሲደርቅ በየስንጥቁ የቀረው ጨለማ ለእናንተ ይሠራል።

ሁለት ቀለሞችን ከእጃችሁ አርቁ፦ ንጹሕ ነጭና ንጹሕ ጥቁር። ጥቁር እንጨት በነጭ ግድግዳ ላይ የሚለው ልማድ፣ በተለይ በእንግሊዝ፣ በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ነው። ያልተቀባ የኦክ እንጨት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ወደ ብርማ ግራጫ ይሄዳል። ጀርመን ውስጥ እንጨቱ በቀለም ሲቀባም የበሬ ደም የሚባለው ጥልቅ ቀይ ወይም ግራጫ ይመረጥ ነበር። ጥቂት ገንዘብ ያለው ገበሬ ቤት ልታደርጉት ከፈለጋችሁ ቀዩን ሞክሩ። እኔ ለዚህ ቤት ያልተቀባውን እንጨት እወስዳለሁ።

ከምርጊቱ ጀምሩ። የመጀመሪያው እርከን የጭቃ ቀለም ነው፦ ክሬም፣ ቡናማና ትንሽ ቢጫ። ክፍተቱን በሙሉ ሸፍኑ። ሁለተኛው ክሬም ነው። ይህን መሀሉ ላይ ብቻ አድርጉ፣ ከእንጨቱ አጠገብ የጭቃው ቀለም በቀጭኑ ይቅር። ሦስተኛው ከነጭ ትንሽ የወረደ፣ የኖራ ቀለም ነው። ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠርጋችሁ ጥቂት ሲቀረው በእርጋታ አሻሹት። ሁሉንም ክፍተት እኩል አታንጹት። አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ደብዘዝ ይበል።

እንጨቱ ቀጥሎ ነው። ጥቁር ቡናማ መነሻ፣ በላዩ ቡናማ የገባበት ግራጫ። ከዚያ ደረቅ ብሩሽ። ብሩሹን ቀላል ግራጫ ውስጥ ንከሩ፣ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪቃረብ ጥረጉ፣ ከዚያ በእንጨቱ አግድም ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ አሳልፉ። በቁመቱ አይደለም። በሽቦ የቧጨራችሁት ስር ሁሉ ብቅ ይላል። ይህ ቅጽበት ደስ ይላል፤ የቡና ማማሰያ የነበረው ዓይናችሁ እያየ ያረጀ ኦክ ይሆናል።

ለክዳኑ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፦ ወርቃማ ሣር ማለት አዲስ ሣር ነው። የቆየ ክዳን ግራጫ ነው። ጥቁር ቡናማ፣ በላዩ ግራጫ ያለበት ቡናማ፣ በመጨረሻ የገለባ ቀለም በደረቅ ብሩሽ ወደ ታች። በአንዱ ገጽ ላይ ብቻ፣ ሰሜን ብላችሁ በወሰናችሁት በኩል፣ ውሃ የበዛበት አረንጓዴ ጠብ ጠብ አድርጉ። ፀሐይ የማያገኘው ገጽ ነው ሻጋታና አሬንቻ የሚያወጣው። በአንድ መንደር ያሉ ቤቶቻችሁ ሁሉ ሰሜናቸው አንድ ይሁን።

ዝናቡ ቤቱን ያስረጀው

እርጅናን እዚህም እዚያም በዘፈቀደ አትርጩ። ውሃው የት እንደሚሄድ ተከተሉ። በዚያ ዘመን የገበሬ ቤት አሸንዳ አልነበረውም። ዝናቡ ከክፈፉ ወርዶ መሬቱን ይመታል፣ ጭቃውን መልሶ ግድግዳው ላይ ይረጫል። ስለዚህ ከታች እስከ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ቡናማ ነው። በሰፍነግ ቁራጭ ነካ ነካ አድርጉት። ከታዛው ሥር ያለው ግን ዝናብ አያገኘውም፤ እዚያ ኖራው ንጹሕ ይሁን። ይህች የላይና የታች ልዩነት ብቻ ቤቱን ግማሽ መንገድ ታደርሰዋለች።

በመስኮቱ ሁለት የታች ጥጎች ቀጭን፣ ውሃ የበዛበት ቡናማ መስመር ወደ ታች ይውረድ። በበሩ መግቢያ፣ እግር በሚረግጥበት፣ ጠመኔ ፈጭታችሁ ከደረቀ ቡናማ ቀለም ብናኝ ጋር በብሩሽ አሻሹ። ከጣራው ክፈፍ በታች ትንሽ ጥላ፣ በእንጨትና በምርጊት መገናኛ ትንሽ ጥላ፤ ይበቃል። በመጨረሻ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ በብሩሽ ቀቡት። ጨዋታ ነውና ብዙ እጅ ይነካዋል።

ስለተቃጠለ ቤት የሚጠይቁኝ አሉ። ለዚህ ጦርነት ያስፈልጋል። በሉትሰን ከስዊድኖቹ ጋር የተዋጋው የንጉሠ ነገሥቱ አዛዥ የቫለንሽታይን ጦር ከተማዋን ራሱ አቃጥሏት ነበር፣ ጠላት እንዳይጠቀምባት ብሎ። ከሠራችሁት ሁለተኛ ቤት ጣራውን አውጡና ወራጆቹን ብቻ ከስቴኪኒ ሥሩ፣ ግማሹን ሰባብሩት። የከሰለ እንጨት በሙሉ ጥቁር እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ከቀባችሁ በኋላ ብርማ ግራጫ በደረቅ ብሩሽ ስጡት። ጥላሸቱ ከመስኮቱና ከበሩ በላይ ወደ ላይ ይሂድ፣ እሳት የሚወጣው በዚያ ነውና። ጭቃው ግን አይቃጠልም። እንጨቱ ከስሎ ምርጊቱ በቦታው ቆሞ የቀረበት ክፍተት አንድ ሁለት አድርጉ። የሰው ቤት ነበርና ውስጡ የተሰበረ ወንበር ወይም አንድ ድስት ጣል ማድረግን አትርሱ።

ግቢው

ቤቱን ከ3 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ላይ ለጥፉት፣ ከግድግዳው ሦስት አራት ሴንቲሜትር ብቻ አስተርፉ። ከዚያ በላይ ከሆነ በጨዋታው ላይ ወታደር የሚቆምበት ቦታ ይጠፋል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስልሉት፣ አሸዋና ኮላ ቀቡት፣ ቡናማ አድርጉት።

በጀርመን መንደር ከቤቱ ፊት ለፊት የፍግ ክምር የተለመደ ነው። ለማሳው ማዳበሪያ ነውና ሀብት ነው። ከስቱኮና ከተከተፈ የብሩሽ ፀጉር አንድ ጉብታ ሥሩ፣ ቡናማና ቢጫ ቀቡት፣ በዙሪያው ሥሩ ላይ ጥቂት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጣል አድርጉ፤ እርጥበቱ ነው። በግድግዳው ጎን ከታዛው ሥር የተፈለጠ ማገዶ ደርድሩ። አጥሩን እንደ ምርጊቱ ቅርጫት በስቴኪኒና በሲባጎ ጎንጉኑት፣ አሁን እጃችሁ ለምዶታል።

ጓሮ ካደረጋችሁ ጎመን ትከሉበት። ድንች ግን አታድርጉ። በጀርመን ገበሬ ማሳ ላይ ድንች የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በመስኮቱ ሥርም ዛሬ በፖስት ካርድ ላይ የምታዩትን ቀይ ጄራኒየም አትስቀሉ፤ አበባው ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፣ በ1632 የገበሬ መስኮት ላይ አልደረሰም። በሩን ግማሽ ክፍት አድርጋችሁ ለጥፉትና ጣራውን አስቀምጡ። ሁለተኛውን ቤት ስትጀምሩ በሩን በሌላ ግድግዳ ላይ አድርጉት፣ የዱር ሰውን ትታችሁ ሌላ ሰያፍ ምረጡ። ሦስት ቤትና አንድ ጉድጓድ ከሆነ ለአንድ ምሽት ውጊያ የሚበቃ መንደር አላችሁ።